የተነቀለው ሶኬት

መምህር ጋሻው የሞተው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ባለው ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ ይጠግነው ከነበረ አሮጌ ማይክሮዌቭ አጠገብ ነው። ቀኝ መዳፉ ላይ ትንሽ የተቃጠለ ምልክት ነበር። የማይክሮዌቩ ሶኬት ግን ከግድግዳው ተነቅሏል።

ፖሊስ ብዙ አላሰበም። ያልተሰካ ዕቃ ሰው አይገድልም፤ ስለዚህ ሰውየው ከሞተ በኋላ ሶኬቱን የነቀለ አለ። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው የሚስቱ ወንድም ሙሉቀን ነው። «ይህን ቅራቅንቦ ጣለው፣ ከደብረ ታቦር አዲስ አመጣልሃለሁ» እያለ ሲጨቃጨቀው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በቃ፣ ታሰረ።

ቅዳሜ ከቀብር በኋላ ኢንስፔክተር የትናየት ጉልበቷን እያሻሸች መጣች። በሳምንቱ ውስጥ ሦስተኛ ሬሳዋ ነው። ደክሟታል፤ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ለዕድሜ ልክ እስር ያለ ጥፋቱ እንዳይሄድ መፍራቷ ደግሞ ይበልጥ አድክሟታል።

«ዓርብ ቤት ውስጥ ማን ነበር?»

«ማንም» አለች የሟቹ ሚስት ማንአለሽ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። «ሁላችንም የጎረቤት ቀብር ላይ ነበርን። እሱና ሙሉቀን ቀድመው ተመለሱ።»

«ልጅዎስ?»

«ህይወት? እሷማ አራስ ናት። ምን ካልጋዋ ያወርዳታል?»

ህይወት ከወለደች አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። የአባቷን ቀብር እንኳ አልወጣችም።

«አባትሽ ስለዚህ ዕቃ ምን ይልሽ ነበር?» ስትል የትናየት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ለአንቺ ነው ይለኝ ነበር። የከሰል ጭስ ለሕፃኑ አይሆንም፣ አጥሚትሽን በዚህ ታሞቂያለሽ ይለኛል።»

የትናየት ጓዳ ገብታ የማይክሮዌቩን በር ከፈተች። የኮመጠጠ ሽታ መጣ። በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የደረቀ ነጭ ነገር አለ። ከጎኑ የመምህሩ የጥገና ደብተር ተቀምጧል። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ሙሉቀንን ከጣቢያ አስመጣች።

«መምህሩ ዓርብ ይጾም ነበር?» አለችው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም።»

«ስትገባ ሶኬቱ ምን ሆኖ ነበር?»

«ተነቅሎ። እየማልኩ ነግሬያቸዋለሁ፣ ማን ይስማኝ?»

አራስ ከተኛችበት አትነሳምና ሁሉም የህይወት አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ።

«ሙሉቀን አልዋሸም» ብላ ጀመረች የትናየት። «መምህሩ የሠራውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ስሙ። ‹ሐሙስ ማታ፦ ሳህኑን አጥቤ መለስኩ። ዓርብ አራት ሰዓት፦ ነቀልኩ። ያጠራቀመውን ኃይል በራሱ የሚያስወጣበት ክፍል ስለተቃጠለ በካቻቪቴ አስወጣሁ። አሁን ባዶ ነው። ለቀብር ወጣሁ።› ይህ ዕቃ ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል። መምህሩ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ሲመለስም ባዶ ነው ብሎ እጁን አስገባ። ባዶ አልነበረም። እሱ ቀብር ላይ ሳለ ሰው ሰክቶ ኃይል ሞልቶበታል፣ መልሶም ነቅሎታል።»

«ማን?» አለች ማንአለሽ።

«ሐሙስ የታጠበው ሳህን ላይ ወተት ፈሷል። ዓርብ ቀን መሆኑ ነው። ዓርብ እዚህ ቤት ወተት የተፈቀደላት አንዲት ሰው ናት። አራስ አትነሳም ብላችሁ ግን ማናችሁም አልጠየቃችኋትም።»

ሙሉቀን አንገቱን ደፋ። ህይወት ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ራበኝ» አለች። «እሳት አጠገብ አትድረሺ ተብያለሁ። አባባ ደግሞ ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው ብሎኝ ነበር፣ ያለቀ መሰለኝ። መብራቱ በራ፣ ሳህኑም ዞረ። ወተቱ ግን አልሞቀም። ነቅዬ እንደነበረ መለስኩት።»

«አጎትሽ ሲታሰር ለምን ዝም አልሽ?»

«የተነቀለ ነገር ይገድላል ብዬ መች አሰብኩ? እማ ብቻዬን መነሳቴን ከሰማች ትቆጣኛለች ብዬ ነው።»

የትናየት ደብተሩን ዘጋች። ጥፋተኛ የሌለበት ሞት ትጠላለች፤ ሰንሰለት የሚገባበት እጅ ስለሌለ ሐዘኑ ሁሉ እቤት ይቀራል። «ሙሉቀን፣ ተፈትተሃል» አለች። «እኔ ድንገተኛ አደጋ ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም ሌላ ስም አታውጡለት።»

ከዚያ ሁሉም ወደ ማንአለሽ ዞሩ። ትጮኻለች ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የልጇን እግር በጋቢ ሸፈነች።

«ታዲያ ወተቱን» አለች፣ «እንደቀዘቀዘ ጠጣሽው?»

«አዎ፣ እማ።»

ማንአለሽ ተነስታ ከሰል ልታቀጣጥል ወጣች።