ፌንጣ እና የሰኞው ንባብ

ፌንጣ እንላታለን። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናቷና ከአያቷ ጋር ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ትኖራለች። ስሙ ለምን እንደወጣላት፣ ደረጃውን ስትወርድ ብታዩዋት አትጠይቁኝም ነበር።

አያቷ ጣሪያ ሠሪ ነበሩ። ከጣሪያ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ ቤተክርስቲያን ለየቀኑ የመደበችውን ወንጌል ፌንጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ቃሉን ሲያሰላስሉ ያመሻሉ። እሁድ ጓደኛቸው ፀጉር አስተካካዩ ከቅዳሴ መልስ ይመጣና ስለ ሳምንቱ ንባብ ይጫወታሉ። አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ይቺ ትንሽ ነገር እንዳትመስላችሁ።

ሰኞ ዕለት ፌንጣ፣ ሰዎች ጣሪያ ነድለው ሽባ ጓደኛቸውን ኢየሱስ ፊት ያወረዱበትን፣ እሱም ‹ተነሥና ሂድ› ያለበትን ታሪክ አነበበች። ማክሰኞ ግን ጓደኞቿ ከታች ገመድ እየዘለሉ ይጠሯታል። ገጽ መፈለጉ ታከታት። የሰኞውን ደግሞ በቃሏ ይዛዋለች። መጽሐፉን ገለጥ አደረገችና እሱኑ በአንድ ትንፋሽ አለችው።

«ትናንትም ይሄው አልነበር እንዴ?» አሉ አያቷ።

«ዛሬም እሱው ነው፣ አባባ።»

ረቡዕም እሱው ሆነ። ሐሙስም። አርብ ላይ አያቷ «ያንን ጣሪያ ግን ማን እየጠገነላቸው ነው በየቀኑ የሚነድሉት?» ብለው ሳቁ። ፌንጣም ሳቀች። ሆዷ ግን አልሳቀም። ቅዳሜም ያንኑ ደገመችው።

እሁድ ፀጉር አስተካካዩ ገና ከመቀመጡ አያቷ ጀመሩለት።

«ስማኝማ። ሐኪሙ በምርኩዝ ተለማመድ ሲለኝ ፈርቼ እምቢ ማለቴን ታውቃለህ። ሳምንቱን ሙሉ የመጣልኝ ንባብ ግን ‹ተነሥና ሂድ› የሚለው ነው። እግዜር ራሱ ስድስት ቀን ከለመነኝማ፣ ነገ እሞክራለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ የየቀኑን ንባብ ያውቃል። አፉን ከፈተ። ዓይኑ ፌንጣ ላይ ሲያርፍ ግን አፉን መልሶ ዘጋው።

ዝም ብትልስ? አያቷ ደስ ብሏቸዋል፤ ሊነሱም ነው። እውነቱን ከሰሙ ደግሞ ተስፋ ሊቆርጡ ይችላሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ፌንጣ ግን እግዜር ያላለውን ብሏል ማለት ከበዳት።

«አባባ፣ እውነተኛው የሰኞው ብቻ ነው። ሌላውን እኔ ነኝ… ለጨዋታ ስቸኩል።»

አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አሃ፣ ስትለምነኝ የከረመችው ፌንጣ ናታ» አሉ ቆይተው።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። በይ አሁን ያስቀረሽብኝን አምጪ።»

የማክሰኞውን አወጣች። ስለ ጠፋችው በግ ነበር፤ ያውም ሦስት መስመር።

«ይቺስ ላንቺው ናት» አላት ፀጉር አስተካካዩ።

በረቡዕው ኢየሱስ የደከሙትን ሰዎች ወደ እኔ ኑ፣ ላሳርፋችሁ ይላቸዋል። አያቷ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይቺን ነው የደበቅሽኝ? ድገሚያት፤ ቀስ ብለሽ።»

ቀስ ብላ ደገመችው። እስከ ቅዳሜ ያለውንም አነበበች። ስትጨርስ አያቷ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እግዜር ሰኞ አንዴ ‹ተነሥ› ብሎኛል፤ አንዴ ካለኝ ይበቃል። በሉ፣ አንዳችሁ ምርኩዙን አቀብሉኝ፣ አንዳችሁ ደግፉኝ።»

በዚያን ቀን እስከ መስኮቱ፣ አራት እርምጃ ሄዱ።

ልጆች፣ እግዚአብሔር በየቀኑ የሚለን ነገር አለው፤ ስለዚህ የዕለቱን ቃል ሳንቸኩልና ሳናታልል በእውነት እናንብብ።