የልብስ ሰፊው ጠመኔ

ዳስተሩ አላጠፋውም። መምህሩ ደግመው ፈተጉት፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ግን ወይ ፍንክች። «እኔ ተማሪ ነኝ» ይላል፣ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተደጋግፈው።

«የማታ ተማሪዎቹ ሽማግሌዎች ናቸው!» አለች ሳቂታ የተባለችው ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አልሳቀችም። ቀለሙን ገና ስታየው አውቃዋለች። አያቷ ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት የሚያሰምሩበት፣ ሰም ያለው ሰማያዊ ጠመኔ ነው።

ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩት አያቷ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባቸው የማታ ትምህርት ጀመሩ፤ ያውም በእሷው ክፍል። ባለፈው ሳምንት ሳቂታ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አይታቸው «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» ስትላት፣ «ጎረቤታችን ናቸው» ብላ ዋሸቻት። ምን ታድርግ? እዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ናት፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሳቂታ ብቻ ነች። ከዚያ በፊት በእረፍት ሰዓት የሚያዋራት ጠፍቶ፣ ሽንት ቤት ተደብቃ ደወል ትጠብቅ ነበር።

«በቃ!» አሉ መምህሩ ዳስተሩን ወርውረው። «ለዳይሬክተሩ እነግራለሁ። የማታዎቹ ሁለተኛ እዚህ ክፍል አይገቡም!»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አያቷ ግን አመሻሽ ላይ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ከበር ይመለሳሉ፤ ወደዚያ ጭር ያለ ቤት።

እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በሙቅ ውሃ ይለቃል። የልብስ ሰፊ ጠመኔ ነው። የጻፉት... አያቴ ናቸው።»

«ጎረቤታችን ናቸው አላልሽኝም?» አለች ሳቂታ። መልስም አልጠበቀችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች።

መምህሩ ልጅቷን ትክ ብለው አዩአት። «እሺ፣ ካስለቀቅሽው ይቅር። ግን እንዳይደገም!»

ጣቶቿ እስኪቀሉ ሰሌዳውን በሙቅ ውሃ ፈተገችው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያናገራት አልነበረም።

ቤት ስትገባ አያቷ ለትምህርት የሚለብሱትን ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር።

«አየሽው?» አሏት ገና ከበሩ።

«ምኑን?»

«የጻፍኩትን ነዋ! የትምህርት ቤቱ ጠመኔማ እፍ ሲሉት ይጠፋል። ጠዋት ሳታዪው እንዳይጠፋብኝ ብዬ በራሴው ጻፍኩት።»



«አየሁት፣ አባባ። ሁሉም አዩት። ዛሬ ግን በትምህርት ቤቱ ጠመኔ ይጻፉ።»

«ቢጠፋስ?»

ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አጠለቀች።

«ሳይጠፋ አየዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ አጠገብዎ ባዶ ቦታ አለ?»