ያልተራገጠው ማኖቬላ

እትዬ ዘይቱና ወደ አውጫጭኙ ከፈን ይዘው መጡ። አዲስ አቡጀዲ ነው፤ አጣጥፈው በብብታቸው ሥር ይዘውታል። ልጃቸው ጀይላን ገና በሕይወት ነበር። ከዋርካው ግንድ ጋር ታስሯል፤ የመስቀያው ገመድም ከበላዩ ካለው ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል።

የሸዋ ሮቢት ምሽግ አዛዥ የሆነው ጣልያን ፍርዱን የሰጠው በማለዳ ነው። ያደረሰውም አስተርጓሚው አየለ። «ሾፌሬን አብዱሰላምን የገደለው መካኒኩ ጀይላን ነው። እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ጥፋተኛ ካላወጣችሁ ይሰቀላል።»

ያገሩ ሽማግሌዎች ምን ያድርጉ? የአባቶቻቸውን አውጫጭኝ ጠሩ። በአውጫጭኝ ደንብ ያገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ነገሩን እንዲመረምሩ ጋሼ ተሰማን ከቀወት አስመጧቸው። ጋሼ ተሰማ ከወረራው በፊት አንኮበር የዳኛ መርማሪ ነበሩ፤ ዛሬ ማሽላ ከወፍ ይጠብቃሉ። ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጀይላን ግን የሚያድርበት ሌሊት አልነበረውም።

አብዱሰላም የሚነዳው የምሽጉ ጭነት መኪና ከዋርካው ፊት ለፊት፣ በሟቹ ደጅ ቆሟል። ከሦስት ቀን በፊት የጣርማ በር ዳገት አልወጣለት ስላለ፣ አብዱሰላም ቁልቁል አንከባሎ መልሶት ሕመሙን በቤቱ ሲፈልግ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከሞተሩ ፊት ሞቶ ተገኘ። ሞተር የሚቀሰቅሱበት ቆልማማ ብረት፣ ማኖቬላው፣ ደም ነክቶት አጠገቡ ወድቋል።

የምሽጉን ቤንዚን ቤት ቁልፍ በወገቡ ያንጠለጠለው አየለ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ነገሩ ግልጽ ነው ጋሼ። ጀይላን የሞተሩን እሳት አዛብቶ አቆየለት። እሳቱ ያለጊዜው ሲነሣ ማኖቬላው እንደ በቅሎ ይራገጣል። አብዱሰላም ሲያዞረው ራሱን መታው። ይህን ተንኮል ከጀይላን ሌላ ማን ያውቃል?»

«አንተ ትናንት እዚህ ነበርክ?»

«እኔ ቀኑን ሙሉ ምሽግ ነበርኩ። ይህን ግቢ የረገጥሁት ዛሬ ጠዋት ከአዛዡ ጋር ነው።»

ጋሼ ተሰማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አየለ ወደ ምሽጉ ሲመለስ እሳቸው ሬሳውን ወዳጠቡት ወደ ሸህ አብዱረሂም ዞሩ።

«ቁስሉ የት ላይ ነበር?»

«ከቀኝ ጆሮው ጀርባ። አንድ ምት ነው።»

«ፊቱስ? ክንዱስ?»

«ጭረት የለበትም፤ አላህ ይዘንለት።»

ሬሳውን ያገኘው ሷሊሕ ነው፤ የመኪናው ጫኝ። አብዱሰላም ዳገቱ ላይ በጥፊ እንደመታው አገር ያውቃል።

«ቂም ይዘህበት ነበር?»

«ይዤ ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ለመወተፍ ዘገየሁ፣ መታኝ። ስወትፈውም ጎማው እጄን ረገጠው።» ቀኝ እጁን ከጠቀለለበት ጨርቅ ፈታ። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል፤ እንኳን ብረት እንጀራ አይቆርሱም።

የሟቹ ሚስት ራቢዓ ድምፅዋ አልቋል።

«ምን ሲሠራ ተለየሽው ልጄ?»

«እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታና የየቀዳዳውን አፍ በአውራ ጣቱ እየደፈነ ማኖቬላውን ያዞር ነበር። ከዚያ ዘይት አምጪ አለኝ። የሞተሩን ዘይት ከምሽጉ አልጠይቅም አለ። የወጥ ቤቴን የኑግ ዘይት ሰጠሁትና ውሃ ወረድሁ። ስመለስ...»

«ጠርሙሱስ?»

«ከሬሳው አጠገብ አንሥቼ ወደ ጓዳ አስገባሁት።»

«ይህን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ማን ጠየቀኝ ጋሼ?»

ጋሼ ተሰማ ተነሥተው ከጀይላን ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። «እኔ ስለ መኪና የማውቀው አቧራውን ነው» አሉት። «እንደ ሕፃን አስረዳኝ። ማኖቬላ የሚራገጥበትን ጉልበት ከየት ያመጣዋል?»

የጀይላን ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «በሞተሩ ውስጥ ከታመቀው አየር ነው። ግፊት ከሌለ አይራገጥም።»

«ግፊት መኖሩን በምን ላውቅ?»

«አራቱን ካንዴላ ጥብቅ አድርገው ይግጠሙና ያዙሩት። ጤነኛ ሞተር እየታገለ ነው የሚዞር። ዝም ብሎ ከዞረ አየሩ ያመልጣል።»

«በየት በኩል?»

«ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ያፈሱበታል። ግፊቱ ከተመለሰ፣ ዘይቱ የፒስተኑን ዙሪያ ደፍኖለት ነውና ያለቀው የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው ነው። ካልተመለሰ ግን አየሩን የሚያስገቡና የሚያስወጡት ክዳኖች፣ ቫልቮላዎቹ፣ ተቃጥለዋል።»

«የአራቱንም ፒስተን ቫልቮላ ባንዴ ምን ያቃጥለዋል?»

ጀይላን ወደ ምሽጉ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቤንዚኑ በላምባ ከተበረዘ ያቃጥላቸዋል።» ቀጥሎ እንባው መጣ። «ጋሼ፣ እናቴ ከዚህ ይሂዱልኝ። ሲሰቅሉኝ አይዩኝ።»

ሽማግሌው ወደ መኪናው ተነሡ። ሄደው ጨርቅ በዱላ ጫፍ አስረው ቤንዚን ጋኑ ውስጥ ነከሩ፤ አሸተቱትና በኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ፤ ሁሉም ጥብቅ ብለው ታስረዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዛዡ ጠመንጃ የያዙ ሁለት አስካሪ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ባገሩ መካኒክ ነበር ይሉታል። ሕዝቡ ዋርካውን ከቦ ተቀመጠ፤ አየለም ለመተርጎም ከአዛዡ ጎን ቆመ።

«እትዬ ዘይቱና፣ ይምጡና ይህን ብረት ያዙሩልኝ» አሉ ጋሼ ተሰማ።

እትዬ ዘይቱና ከፈኑን ከብብታቸው ሳይለቁ፣ ባንድ እጃቸው ማኖቬላውን አዞሩት። ዞረ። አሁንም ዞረ። ወፍጮ የሚከብዳቸው ሴትዮ ናቸው።

«አሮጊትን ያልታገለ ብረት ጎልማሳ ይገድላል?» ብለው ጠየቁ ጋሼ ተሰማ።

አየለ ፈገግ አለ። «አሁን ነዋ ግፊት ያጣው። ትናንት ያንን የኑግ ዘይት ሲያፈስበት ተመልሶለት ነበር። ዘይቱ ሲወርድ ደግሞ ጠፋ።»

ራቢዓ ከሴቶቹ መሐል ቀስ ብላ ተነሣች።

«ያገሬ ሰዎች፣ አዳምጡኝ» አሉ ጋሼ ተሰማ። «ካንዴላ ፈትተው ዘይት የሚያፈሱበትን ሙያ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያፈሱት ግን የሞተር ዘይት ነው። ትናንት የፈሰሰው የወጥ ቤት የኑግ ዘይት እንደሆነ የሚያውቁት ራቢዓና ሟቹ ናቸው፤ ሦስተኛ ሰው ካለ ሲፈስ ቆሞ ያየ ነው። አየለ ቀኑን ሙሉ ምሽግ ነበርኩ ብሎኛል።»

የአየለ ፈገግታ ጠፋ።

«ግፊቱም ተመልሶ ነበር ይለናል። እንየዋ።» ራቢዓ ጠርሙሱን አመጣች። ሽማግሌው ጀይላን በነገራቸው መሠረት በየቀዳዳው ዘይት አፍስሰው ካንዴላዎቹን መልሰው አሰሩ። ማኖቬላው እንደ ቅድሙ ዞረ። «አልተመለሰም። እንግዲህ የተቃጠሉት ቫልቮላዎቹ ናቸው፤ ያቃጠላቸውም በላምባ የተበረዘ ቤንዚን ነው፤ ጋኑ ላምባ ላምባ ይሸታል። አብዱሰላም ትናንት ያወቀው ይህን ነው። ማኖቬላ የሚያዞር ሰው ፊቱ ወደ ሞተሩ ነው፤ እሱ ግን ከጆሮው ጀርባ ተመታ። ከኋላው የቆመ ሰው ነው የመታው። ቤንዚን እየሰረቀ በላምባ የሚተካ ሰው ይህ እንዲወጣ አይፈልግም፤ የቤንዚን ቤቱ ቁልፍ በማን ወገብ ላይ እንዳለ ሁላችሁም ታያላችሁ።»

ሕዝቡ አየ። አዛዡ ግን አማርኛ አያውቅም፤ የሚሰማው በአየለ አፍ ነው። አየለ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ረዘም አድርጎ ተናገረ። አዛዡ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዱ አስካሪ ወደ ገመዱ ሄደ።

«ጋሼ!» አለ ሷሊሕ፤ ጣርማ በር ለጣልያኖቹ ድንጋይ ሲፈልጥ ጥቂት የቋንቋቸውን ቃል ለቅሟል። «ጀይላን አምኗል ነው ያለው!»

ያን ጊዜ ጋሼ ተሰማ የአየለን አፍ አዩ። እውነቱን ይዘውታል፤ የሚያስተላልፉበት አፍ ግን የገዳዩ ነው። ገመዱ ከጀይላን አንገት ገባ። እትዬ ዘይቱና ከፈኑን መዘርጋት ጀመሩ።

ሽማግሌው ማኖቬላውን ነቅለው ወደ አዛዡ ሄዱና ምንም ሳይሉ እጁ ላይ አኖሩለት። አስካሪው በሰደፍ ገፋቸው። ተንገዳገዱ፤ ግን በጣታቸው ወደ ሞተሩ አመለከቱ፣ ደግመው አመለከቱ።

አዛዡ ብረቱን አየ። ምናልባት የድሮ ሙያው ሳበው፤ ሄዶ አዞረ። ፊቱ ተኮሳተረ። አንድ ካንዴላ ፈታ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፍኖ በሌላው እጁ ደግሞ አዞረ። ጣቱን የሚገፋው አየር አልነበረም። ጋሼ ተሰማ ያንን ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ ከአየለ ወገብ ላይ ያለውን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። በቋንቋው አንድ አጭር ነገር ጠየቀው።

አየለ ይህን አልተረጎመም።

አስካሪዎቹ ገመዱን ከጀይላን አንገት አውጥተው ለአየለ አጠለቁለት። ለአብዱሰላም ደም አልነበረም፤ ለቤንዚኑ ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ጋሼ ተሰማም ያውቃሉ። ሲሰቅሉት ፊታቸውን አዞሩ።

ጀይላን መቆም አቅቶት ሷሊሕ ደገፈው። እትዬ ዘይቱና ግን ወደ ልጃቸው አልሮጡም። መጀመሪያ ከፈኑን መልሰው አጣጠፉት፣ ከተሰቀለው አየለ በታች ከዋርካው ሥርም አኖሩት።

«እትዬ፣ ይህ እኮ የገደለው ባሌን ነው» አለች ራቢዓ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ግን አንዴ ከቤት የወጣ ከፈን ወደ ቤት አይመለስም።»

ከዚያ የልጃቸውን እጅ ይዘው ሄዱ።