ሦስት ወር ጠብቂ

ዲማ ጉሉማ ከሰሜን ጦር ሜዳ ጭኑን ቆስሎ የተመለሰው በ1981 ዓ.ም. ክረምት ነው። በቦርድ ተሰናበተና ሮቤ አጠገብ ባለ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ነጂ ሆኖ ተቀጠረ። ጁሀራ ደግሞ የእርሻው ቢሮ ታይፒስት ነበረች።

«ዕድሜ?» አለችው ቅጹን ስትሞላለት።

«ሃያ ስድስት። ያንቺስ?»

ቀና ብላ አየችው። ጣቷ ያለቦታው መታ።

«አበላሸኸኝ» ብላ ወረቀቱን ከማሽኑ ነቀለችው።

«ግድ የለም፣ እንደገና ጻፊው። የምቸኩልበት የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ዲማ በየሳምንቱ የሚጻፍለት ነገር አላጣም። ስንዴው ሲታጨድ ሽማግሌ ላከ። የጁሀራ አባት አቶ ወዚር ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቃላቸውን የማይለውጡ፣ የሰውም ቃል ሲለወጥ የማይታገሡ። ልጁን አጠያይቀው ፈቀዱ። ኒካሁ ከረመዳን በኋላ፣ ሚያዝያ ላይ እንዲታሰር ተቆረጠ።

ሚያዝያ ግን ለሁለቱ ሩቅ ነበር። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጁሀራ መጋረጃ ልትለካ ዲማ የተከራየው ቤት ገባች። ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ተያዩ። መጋረጃው ሳይለካ ቀረ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዲማ በምሳ ሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሙለታ ሞተ።»

ሙለታ አብሮት የዘመተ፣ ቁስሉን በሸሚዙ አስሮ ከምሽግ ያወጣው ጓደኛው ነበር።

«ኢናሊላሂ! በምን?»

«ወንድሙ ጽፎልኛል። አዲስ አበባ ተኝቶ ነበር። ኤድስ በሚሉት በሽታ ነው።» ዲማ መቀመጫ እያለ አልተቀመጠም። «ደሴ ሳለን አንዲት ሴት ነበረች። እሱም እሷ ዘንድ ይሄድ ነበር፤ እኔም። አንቺን ሳላውቅ ነው፣ ጁሀራ። ይህ በሽታ መኖሩንም አላውቅም ነበር።»

የሚለው ገባት። ከዚያ ተነስታ ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው።

«ለምን ነገርከኝ?»

«ታዲያ ልደብቅሽ?»

በማግስቱ ጎባ ሆስፒታል ሄዱ። በተሳፈሩበት ላንድሮቨር ላይ እንደማይተዋወቁ ተራርቀው ተቀመጡ። ሲስተር ሠርከአዲስ ጠና ያሉ፣ ቶሎ የማይደነግጡ ነርስ ናቸው። በር ዘግተው ሰሟቸው።

«ስንት ጊዜ ነው?» አሉ።

«አንድ ጊዜ» አለች ጁሀራ አንገቷን ደፍታ።

«ስሚኝ ልጄ። አንድ ጊዜ ነው ብሎ አይተውም፤ አንድ ጊዜ ስለሆነም የግድ ይይዛል ማለት አይደለም። ዛሬ ደምሽ ቢመረመርና የለም ቢባል እኔ አላምነውም። ገብቶ ከሆነ ምልክቱ ደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል። ሦስት ወር ጠብቂ።»

«መልኬ ላይ አይታወቅም?»

«መልክ ምንም አይናገርም። እሱን እይው እስቲ፣ ምን ይጎድለዋል?»

ጁሀራ አየችው። ምንም አልጎደለውም።

«ከእናቴ ጋር ከአንድ ሳህን ነው የምበላው» አለች።

«ብዪ። በመብላት አይተላለፍም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። ብቻ ደም እንዳትሰጪ። እርስ በርሳችሁም እስከዚያ አትነካኩ።»

የዲማ የደሴው ነገር ከተፈጸመ ዓመት ሊሞላው ስለነበር ደሙ የዚያኑ ቀን ተቀዳ። ምርመራው አዲስ አበባ ነው የሚደረገው። ውጤቱ በመጋቢት መጣ። ዲማ ብቻውን ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ወጣ፤ ጁሀራ ግቢው ውስጥ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«አለብኝ» አላት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎቹን ወደ አቶ ወዚር መልሶ ላከ። ሐሳቡን ለውጧል በሉልኝ አለ፤ ምክንያት አልሰጠም። ጁሀራ ስትሰማ እርሻው ድረስ ሮጠች።

«ከሃዲ ይሉሃል!»

«ይበሉኝ። አንቺን በበሽታ ከሚያሙሽ እኔን በክህደት ይሙኝ።»

እናቷ ሞሚና የሰፉትን የሠርግ ልብስ ሳጥን ውስጥ እየመለሱ አለቀሱ። አቶ ወዚር ግን «አላህ የሥራውን ይስጠው» ብለው፣ ስሙ ቤታቸው ውስጥ እንዳይነሳ ከለከሉ። ጁሀራ እውነቱን ይዛ ዝም አለች። ሌት ተቀን ቀን ትቆጥራለች። ሳል ሲይዛት መጣ ትላለች፤ ሳሉ ሲለቃት ደግሞ ጤናዋን አታምነውም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ደሟ ተወሰደ። በሰኔ ሲስተር ሠርከአዲስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው እጇን ያዙ።

«የለብሽም። ንጹሕ ነሽ።»

ዲማ ኮምባይነሩ ሥር ጋደም ብሎ ሲጠግን አገኘችው። ስትነግረው ሳቀ፤ ከመጋቢት ወዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ከዚያ ዘይት በነካው መዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

«ሲስተርን ጠይቄያቸዋለሁ» አለችው አጠገቡ ተንበርክካ። «ኮንዶም የሚባል አለ። ከተጠነቀቅን መጋባት እንችላለን። ስትታመም እኔ አስታምምሃለሁ።»

«ጁሀራ፣ ይህን ሦስት ወር እንዴት እንዳደርኩት አታውቂም። ገድያት ይሆን ወይ እያልኩ ነው የከረምኩት። አንድ ቀን ብንሳሳትስ? ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚህ ልኑር?»

በሳምንቱ ዲማ ሥራውን ለቆ እናቱ ወዳሉበት ወደ ገሰራ ሄደ። መኪናው ሊነሳ ሲል «ነጋቲ» አላት፣ ደህና ሁኚ ሲል። አቧራው እስኪጠፋ ቆማ ቀረች።

በጥር 1983 አንድ የገሰራ እህል ነጋዴ አባቷ ሱቅ ገብቶ የዲማን መሞት ተናገረ። ከስቶ፣ ልጅ አክሎ ነው የሞተው አለ። ጁሀራ አባቷን ልታግዝ መጥታ ጨርቅ እየለካች ነበር። ሜትሩን ከእጇ ጣለችው።

አቶ ወዚር ሰውየው ሲወጣ «ሥራው ነው» አሉ።

«አባባ፣ እንደሱ አይበሉ።»

«ምን አልሽ?»

«አልከዳኝም። በሽታው እንዳለበት አውቆ ነው የተወኝ። መጀመሪያ የነገረኝም እሱ፣ ምርመራ የወሰደኝም እሱ ነው። እኔም… እኔም መመርመር ነበረብኝ፣ አባባ።»

አቶ ወዚር ልጃቸውን አተኩረው አዩ። ለምን መመርመር እንደነበረባት ገባቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ።

«እናቱ አሉ?» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«አሉ።»

ኮፍያቸውን አስተካክለው ዱላቸውን አነሱ። «ዛሬውኑ ገሰራ ደርሼ፣ ልጅዎን ረግሜዋለሁና አፉ በሉኝ እላቸዋለሁ።»

«እኔም ልምጣ።»

በሩ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«የልጄ ምኑ ነሽ ብለው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

ጁሀራ አፏን ከፈተች። ሚስቱ አይደለችም፤ እጮኛውም አይደለችም፤ እሱ በሰው ዓይን የከዳት ሰው ነው። አባቷ ትንሽ ጠበቋት፣ ከዚያ ብቻቸውን ሄዱ። አንዲት ሴት ገብታ ሁለት ክንድ አቡጀዲ እንድትቆርጥላት ጠየቀቻት። ጁሀራ መቀሱን አንስታ ቆረጠችላት።