ያለ መብራት የሚሠራው ፏፏቴ

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለች ሬዲዮ፣ የጓደኛዋን ክንድ ገፋ አድርጋ። «ሲሠራ አይነካም።»

ልጅቷ እጇን መለሰች፤ ዓይኗን ግን መመለስ አቃታት። ውሃው ከሸክላው ሳህን መሐል አንድ ስንዝር ያህል ቀጥ ብሎ ይዘላል፣ ይበተናል፣ ራሳቸው የለቀሟቸው ጠጠሮች ላይ ይወርዳል። ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ አውደ ርዕይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ የለፉት ይህን ለማየት ነበር። ትናንት ግን ጉሮሮውን እንደታመመ ሰው ሁለቴ አጉረምርሞ ጸጥ ብሎባቸው፣ እሷ ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት ነበር ወደ ቤቷ የገባችው።

«እንዴት አደረግሽው?»

«በጸሎት!» ሬዲዮ ሳቀች። ስሙን የክፍሉ ልጆች ያወጡላት አፏ ስለማያርፍ ነው።

የፏፏቴው ሐሳብ የልጅቷ ነበር። ከሳህኑ በታች ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተደራርበዋል፤ ላይኛው ውሃ ሞልቶበታል፣ ታችኛው ባዶ ነው። የሳህኑ ውሃ በቱቦ ወደ ታችኛው ሲወርድ እዚያ ያለውን አየር ይገፋል፤ የተገፋው አየር ደግሞ በሌላ ቱቦ ወጥቶ የላይኛውን ጠርሙስ ውሃ ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። መብራት አያስፈልገውም። ታችኛው ጠርሙስ እስኪሞላ አራት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይቆማል።

ልጅቷ ሰዓቷን አየች። ከመጣች ስድስት ደቂቃ አልፏል፤ ውሃው ግን አልቆመም። ጎንበስ ስትል ደግሞ ንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ይመስል እዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማች። ጠጠሮቹን ገለጥ አደረገች። የመኪና መስታወት ላይ ውሃ የሚረጨው ትንሹ ፓምፕ ነበር። ሽቦው በጠረጴዛ ልብሱ ሥር አልፎ ባትሪ ላይ ተሰክቷል።

«ከወንድምሽ ጋራዥ ነው?»

«ለዛሬ ብቻ ነው፤ ደግሞ አታካብጂ! አንድ ሥራ ብቻ ነው ለከተማው ውድድር የሚያልፈው። ደርቆ ይታይ? ሼም አይደለም እንዴ?»

«ቲቸር ያውቃል?»

ሬዲዮ ጥፍሯን ነከሰች። «ጠዋት አየውና ‹ያለ መብራት ሠራላችሁ?› አለኝ። ምን ልበለው? ደስ ብሎት ሊበር ነበር እኮ።»

ወዲያው የሳይንስ መምህሩ ርዕሰ መምህርቷን አስከትሎ ደረሰ። ፊቱ በርቷል። «ይኸውልዎት! አንቺ አስረጂያቸው፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ልጅቷ ስለ ውሃውና ስለ አየሩ አስረዳች። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ስለ ፓምፑ ግን አላነሳችም።

«ጎበዞች! ለመሆኑ እስከ መቼ ይሠራል?» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«ቀኑን ሙሉ!» አለች ሬዲዮ፣ ማንም ሳይቀድማት።

ርዕሰ መምህርቷ እጃቸውን አጨበጨቡ። መምህሩ አላጨበጨበም። ውሃውን አየ፣ ጠርሙሶቹን አየ፣ ከዚያ ልጅቷን አየ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«ከዳኞቹ ጋር ተመልሰን እንመጣለን» አለ በዝግታ። «አሥር ደቂቃ አላችሁ።»

ሲርቁ ሬዲዮ ትንፋሿን ለቀቀች። «ተመስገን! አልነቃም።»

«ነቅቷል።»

«ቢነቃ ኖሮ አይናገርም?»

«እኛ እንድንናገር ነዋ የሄደው።»

ሬዲዮ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሺ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከተያዝንም የምያዘው እኔ ነኝ። አንቺ ዝም በይ፤ ዝም ማለት ደግሞ ታውቂበታለሽ።»

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት፤ እውነት ነበረችና። ዝም ካለች ያልፉ ይሆናል። መምህሩ በሰው ፊት የሚያዋርዳቸው ሰው አይደለም። ግን ነገ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲጠይቅና እሷ እጇን ስታወጣ፣ እንዴት አድርጎ ነው የሚያያት?

ሽቦውን ነቀለችው።

ውሃው አጠረ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። ከአጠገባቸው የእሳተ ገሞራ ሞዴል የሠሩት ልጆች ዞር ብለው ሳቁ። «ሬዲዮ፣ ፏፏቴሽ ተጠማ እንዴ?»

ሬዲዮ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «አሁን ምን ልናሳያቸው ነው?»

ልጅቷ ፓምፑን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። ከዚያ የጠርሙሶቹን ክዳን አንድ በአንድ በጣቷ ዳበሰች። ክዳኖቹን በማስቲሽ ያሸጉት ውሃ እንዳያፈስ ብቻ ነበር። አየር ሲያመልጥ ግን አይንጠባጠብም፣ አይታይም። አባቷ ጎሚስታ ነው፤ የተነፈሰ ጎማ ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያነሳው ሳሙና ነው።

«መጸዳጃ ቤት ሳሙና አለ?» አለች።

«አለ... ለምን?»

«አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። ሮጠሽ አምጪልኝ።»

«ሳንጨርስ ቢደርሱስ?»

«ይድረሱ። ቀዳዳ ስንፈልግ ያዩናል።»

ሬዲዮ እንባዋን ጠርጋ በወንበሮቹ መሐል እየተሹለከለከች ሮጠች።

ልጅቷ እጅጌዋን ሰበሰበች። በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ መምህሩ ከሦስት ዳኞች ጋር ጉብኝቱን ጀምሯል። ሬዲዮ እስክትመለስ አልጠበቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ፓምፑን አንስታ፣ ወደ እነሱ መራመድ ጀመረች።