የማክሰኞ ጨው

«ከልጅዎ ሌላ ይህን ነገር ማን ያውቅ ነበር?»

መርማሪው እንዲህ ብሎ ሲጠይቃት ዕቃ አጣቢዋ መልሱን ታውቀው ነበር። ዓይኗ ምግብ በሚቀባበሉበት መስኮት አልፎ ወደ አዳራሹ ሸሸና ተመለሰ። እርጥብ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች፤ ከደረቁም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም።

«እኔ እንጃ፣ ጌታዬ» አለች።

መርማሪው አልተጫናት። ቀጭን፣ ኮቱ የሚሰፋው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «ሲያስታውሱ ይጥሩኝ» ብሏት ወደ አዳራሹ ወጣ።

እሷ ግን የረሳችው ነገር አልነበረም። መልሱን ብትናገር ልጇን ከእስር ታድናለች። ያንኑ መልስ ብትናገር የልጇን ፊት ዳግመኛ ቀና ብላ ማየት አትችልም።

ነገሩ የሆነው በዋዜማው፣ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ጭልፋ» የሚላት የምግብ ቤቱ ባለቤትና ዋና አብሳይ በማድ ቤቱ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛዋ ላይ ግንባሯን ደፍታ ሞታ ተገኘች። ፊቷ የነበረው የዶሮ ሾርባ ሳህን ሙልጭ ብሎ ተበልቷል። ምሳ ካለፈ በኋላ አንድ ሳህን ሾርባ መብላት የዘወትር ልማዷ ነበር። ትኩስ ስለማትወድ ቀድሞ ይቀዳና ሩብ ሰዓት ያህል መስኮቱ ላይ ይቀመጥላታል። በዚያ ሩብ ሰዓት አንድ ሰው ለአይጥ ተገዝቶ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠውን መርዝ ጨመረበት።

ቤቱ አሥራ አንድ ጠረጴዛ ያለው፣ የጠረጴዛ ልብሱ ላስቲክ፣ የምግብ ዝርዝሩ ለሠላሳ አንድ ዓመት ያልተነካ ቤት ነው። የዶሮ ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች በሥጋ፣ መኮሮኒ፣ ከምድጃ የወጣ ዳቦ፤ አለቀ። ሰው ወደዚያ የሚሄደው አዲስ ነገር ሊቀምስ አልነበረም። ልጅ ሆኖ የበላውን፣ አሁን ደግሞ ልጁን አስቀምጦ ሊያበላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ጨው አይቀመጥም። «ጨው ያጣ ምግብ ከእጄ አይወጣም፤ የጎደለው ካለ እኔን ይጥራኝ» ትል ነበር እትዬ።

ሞቱ በደረሰ ጊዜ ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ ረዳት አብሳይዋ፣ የዕቃ አጣቢዋ ልጅ ናት። ሾርባውን የቀዳችው እሷ ነች። ሁለተኛዋ ራሷ ዕቃ አጣቢዋ። ሦስተኛው ለሃያ ስምንት ዓመት በአዳራሹ ያስተናገደውና ነጭ ፎጣ ከክንዱ ስለማይለይ «ጋሼ ፎጣ» የተባለው ሰው። አራተኛው ምሳውን በየቀኑ በነጻ የሚበላው የእትዬ ታናሽ ወንድም።

ዕቃ አጣቢዋ ልጇን ወደዚህ ቤት ያስገባቻት ከአራት ዓመት በፊት በራሷ ልመና ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቷ ከእጇ እየወጣች የሄደች መሰላት። ማታ ቤት ሲገቡ ወሬው ሁሉ እትዬ ነው። እትዬ ሽንኩርት እንዲህ ቁረጪ አለች፤ እትዬ ዛሬ ሳቀች፤ እትዬ እግሯን አመማት። እናት የሠራችውን እራት ልጅቷ ዝም ብላ በልታ ትነሳለች። ጥሩ ነው አትል፣ መጥፎ ነው አትል። ቀን ደግሞ እናትየዋ ሳህን እያጠበች የምታየው ከምድጃው ፊት ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ጀርባዎች ነው። አንድ ቀን ልጅቷ እትዬን «እማ» ብላ ስትጠራት ሰማች። በእጇ የያዘችው ብርጭቆ ተሰበረ። ሁለቱም ዞር ብለው አላዩም።

እነዚያን ጀርባዎች ስትመለከት ነው ምስጢሩን የደረሰችበት። ልጅቷ ከድስቱ ትቀምስና የእትዬን ክንድ ትነካለች። አንዴ ከነካች እትዬ ጨው ትጨምራለች፤ ሁለቴ ከነካች ይበቃል። ከስምንት ወር በፊት ትኩሳት ይዟት ከተነሳች በኋላ እትዬ ጭልፋ ጣዕም የሚባል ነገር አታውቅም ነበር።

መርማሪው ይህን ያወቀው ከሐኪሙ ቃል ተነስቶ ነው። መርዙ እጅግ መራራ በመሆኑ የቀመሰው ሰው ሁሉ ወዲያው ይተፋዋል። እትዬ ግን ሳህኑን ጨርሳለች። መርማሪው ልጅቷን ሲጠይቃት ሳትደብቅ ነገረችው።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ለእናቴም አልነገርኩም። እትዬ ከሰው ዓይን እወድቃለሁ ብላ ትፈራ ነበር።»

ገዳዩ ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ምስጢሩን አውቃለሁ ያለችው ደግሞ ልጅቷ ብቻ ናት። እናትየዋ «እኔም አይቻለሁ» ብላ ብትናገርም ሾርባውን የቀዳችው ልጇ በመሆኗ ያ አላዳናትም። ዓርብ ዕለት አንድ ፖሊስ ከምግብ ቤቱ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ልጅቷ ከፊቱ እንዳትርቅ ተነገራት።

መርማሪው አዳራሹ ውስጥ ጋሼ ፎጣን ሲያነጋግር ዕቃ አጣቢዋ መስኮቱ ሥር ሆና ትሰማለች።

«የእትዬ ምላስ እንዴት ነበር?»

«ምላሷማ! አንዲት የጨው ፍሬ ብትጎድል ትነቃ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን!»

«ልጅቷስ?»

ጋሼ ፎጣ ፎጣውን ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። «እጇ ደህና ነው። ሰው ቶሎ ሽቅብ ሲወጣ ያዞረዋል እንጂ… እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ና ቅመስ ተብዬ አላውቅም። ረቡዕ ዕለት የማድ ቤቱን ቁልፍ ለእሷ ሰጠቻት። በሁላችን ፊት።»

«ከፋዎት?»

«ለምን ይከፋኛል? ልጅ እኮ ናት» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ወንድምየው ሲመጣ ሳይጠየቅ ነው መናገር የጀመረው።

«ቤቱን ልትሸጥ ፈልገሃል ይሉኛል፤ አዎ ፈልጌያለሁ! ታዲያ እህቴን እገድላለሁ? ማክሰኞ ዕለት ግን ተጣልተናል፤ አልዋሽም።»

«በምን?»

«በድንች! ጨው የሚባል አልነካውም። ራስሽ ቅመሺው ብዬ ሳህኑን አፏ ድረስ ወሰድኩላት። ቀመሰችና ደህና ነው አለችኝ! ስትንቀኝ ነው ብዬ ተናደድኩ።»

«ታዲያ እንዲሁ በሉት?»

«ጨው ነሰነስኩበት እንጂ። ማክሰኞ ማክሰኞ እኮ ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ አለ።»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ማክሰኞ ብቻ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የቤቱ ሕግ ተሽሮልኝ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

መርማሪው ተነስቶ የሹካውን ቁም ሣጥን ከፈተ። ከታችኛው መደርደሪያ አሥራ አንድ ትናንሽ የጨው ብልቃጦች ተሰልፈዋል። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ብቅ አለና ልጅቷን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

«የዕረፍት ቀንሽ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አራቱንም አዳራሹ ውስጥ አስቀመጣቸው። ወንበሮቹ ገና ጠረጴዛ ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ ማድ ቤቱ እሳት የለውም። ልጅቷ ከፖሊሱ አጠገብ ተቀመጠች። እናትየዋ አጠገቧ ልትሆን ፈለገችና ድፍረት አጣች።

«ሁለት ነገር እፈልጋለሁ» አለ መርማሪው። «አንደኛ፣ እትዬ ጣዕም እንደማትለይ የሚያውቅ ሰው። ሁለተኛ፣ ደረቅ እጅ።»

«ደረቅ እጅ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ወንድምየው።

«የመርዙ ፓኬት ተራ ወረቀት ነው። ውሃ ቢነካው ያብጣል፤ ቅባት ቢነካው ያሳያል። እናት በዚያ ሰዓት እስከ ክርናቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ። ልጅቷ ለሾርባ ዶሮ ስትበልት ነበር። ፓኬቱ ላይ ግን አንዲት ነጠብጣብ የለም። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው እጁን ሊጠርግ ይችላል። ግን ዓይኔን ከማድ ቤት ወደ አዳራሽ መለሰው። ደግሞም ልጅቷ ገዳይ ብትሆን ያን ምስጢር በገዛ አፏ ለምን ትነግረኛለች?»

«እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አለ ወንድምየው ከወንበሩ እየተነሳ።

«ይቀመጡ። እርስዎ እህትዎ እንደማትቀምስ ቢያውቁ ኖሮ ቅመሺው ብለው አይጣሉም ነበር።»

ሁሉም ወደ ጋሼ ፎጣ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጨው የሚያስቀምጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ምን አጠፋሁ?»

«በስንት ሰዓት?»

«ሹካ ሲደረደር። ጠዋት።»

«ምድጃው ሳይለኮስ። ማንም ሰው ምንም ሳይቀምስ ምግቡ እንደሚበላሽ ያውቁ ነበር። ለእኔ ግን ምላሷ እስከ መጨረሻዋ ቀን ደህና ነበር ብለውኛል።»

ጋሼ ፎጣ አልተደናገጠም። «ልጅቷ ስትቀር ምግቡ እንደሚበላሽ ማንም ደንበኛ ያውቀዋል። አሮጊቷ እጇ ደክሟል ብዬ ነበር። ምላሷ መሞቱን በምን አውቃለሁ? ነገረችኝ? ማን ነገረኝ?»

መርማሪው በቀስታ ወደ ዕቃ አጣቢዋ ዞረ።

«ትናንት ሌላ ማን ያውቃል ብዬ ስጠይቅዎ ወደ ልጅዎ አላዩም። በመስኮቱ አሻግረው ያዩት ጋሼን ነው። እኔ ላስገድድዎ አልችልም። ግን ይህን መልስ የሚያፈርሰው እርስዎ ጋ ያለው ቃል ብቻ ነው። ካልተናገሩ ልጅቷን ይዤ ነው የምሄደው።»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። የፈራች ልጅ ዓይን ነበር፤ ከስንት ዓመት ወዲህ እንዲህ አድርጋ አይታት አታውቅም።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች እናት።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ጋሼ ፎጣ።

«ዝም አልልም ጋሼ። ከሦስት ወር በፊት ነው፤ ሹካ እያደረቅን። ጠዋት ልጄ እማ ብላ ስትጠራት ሰምቼ አንጀቴ እርር ብሎ ነበር። እርስዎ ደግሞ እትዬን ማመስገን ጀመሩ። ያቺ የሚኮሩባት እትዬ ጨውና ስኳር አትለይም፣ ምላሷ የኔ ልጅ ናት አልኩዎት። እንዲህ ነው? አሉኝና ፎጣዎን አጠፉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጨው ጠረጴዛ ላይ አየሁ።»

ጋሼ ፎጣ ፎጣውን ከክንዱ ላይ አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እኔ ነኝ የሸፈንኩላት» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ስሟ እንዳይጠፋ ጨው ደረደርኩ። ደንበኛ ሲያጉረመርም እኔ ተሰደብኩ። አንድ ቀን ጋሼ፣ እንዲህ ሆንኩ ብላ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሃያ ስምንት ዓመት! እሷ ግን ለትናንት መጤ ነገረች። ረቡዕ ደግሞ ቁልፉን ሰጠቻት። እንኳን ልትጠይቀኝ፣ ቀና ብላም አላየችኝ።»

«ጥፋቱም በልጅቷ ላይ እንዲያርፍ አሰቡ» አለ መርማሪው።

«ሾርባውን የምትቀዳው እሷ ናት» አለ ጋሼ ፎጣ። «ያን ማንም ያውቃል።»

ዕቃ አጣቢዋ ሰውየውን ስትመለከት የጠላችው መስሏት ነበር። መጥላት ግን አልሆነላትም። እሱ የሚናገረው ነገር አንድ ሳይቀር እሷም ከሳህኑ ገንዳ ፊት ቆማ ስታስበው የኖረችው ነው።

ፖሊሱ ከልጅቷ አጠገብ ተነስቶ ወደ ጋሼ ፎጣ ሄደ።

መርማሪው ቃሏን ጽፎ ሲያቀርብላት ዕቃ አጣቢዋ በጣቷ አልፈረመችም። በዚያ ዓመት በጎልማሶች ትምህርት የለመደችውን ስሟን ፊደል በፊደል ጻፈችው። ልጅቷ ከጀርባዋ ቆማ ጠበቀቻት።

«ለምን እማዬ?» አለቻት።

«ቀናሁ ልጄ።»

«በእኔ?»

«ባንቺማ እንዴት እቀናለሁ። በእሷ ነው እንጂ።»

ልጅቷ ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። «እትዬ ሾርባዬን ጨርሳው ነው የሞተችው» አለች ቆይታ። «ጣፈጠኝ ብላ እንኳ ማለት አትችልም ነበር።» ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ገብታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

ወንድምየው ቤቱን ሳይሸጥ ቀረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አሥራ አንዱም ጠረጴዛ እንደ ድሮው ሞላ። አዳራሹ አዲስ አስተናጋጅ፣ የሳህኑ ገንዳም አዲስ ሴት አገኘ። እናትየዋ ልብሷን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ከሌላ ከተማ ወዳለች እህቷ ሄደች። ልጅቷ ከምድጃው ፊት ቀረች።