ካሊሮይን ሊያዩ የመጡ ዕለት

ስትራቲስ ጠረጴዛውን ከትልቁ የፕላታኖስ ዛፍ ሥር፣ ጥላው ከሚጠናበት ቦታ አስቀመጠ። ታቬርናውን፣ ይህን የደጅ ምግብ ቤት፣ ከአባቱ ወርሷል፤ ሦስት እህቶችንም አብሮ ተረክቧል። ሁለቱን ድሯል። የቀረችው ካሊሮይ ናት። በዚያ ደሴት እህቱን ሳይድር ሚስት የሚያገባ ወንድም ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም።

ሊያገባት የሚፈልጋት አሬቲ ይህን ታውቃለች። የመጡላትን ሁሉ እየመለሰች ጠብቃዋለች።

ዛሬ እትዬ ማላማ ልጃቸውን ፕሮድሮሞስን ይዘው ከባሕሩ ማዶ መጡ፤ ካሊሮይን ሊያዩ። የምትታይ ልጅ ትቀመጣለች እንጂ እንግዳ አታስተናግድም። ስለዚህ አሬቲ ልታግዝ ገባች።

«ዓሣውን እንዳታሳርሪብኝ» አላት ስትራቲስ ወጥ ቤት ውስጥ።

«አንተ የእህትህን ምላስ ያዝልኝ። ሰውየውን እንዳታባርረው።»

«ዛሬ ከተሳካ ነገ አባትሽ ዘንድ እመጣለሁ።»

አሬቲ ቀና ብላ አላየችውም። የቆረጠችውን ሎሚ መልሳ ቆረጠችው።

እንግዶቹ በሉ። ካሊሮይ አንገቷን ደፍታ ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። አሬቲ ወይራውን፣ አይቡን፣ የተጠበሰውን ዓሣ አመላለሰች። ፕሮድሮሞስ በሄደችበት ሁሉ በዓይኑ ተከተላት። እናቱ ይህን አዩ። ስትራቲስም አየ።

«የኔ ልጅ፣ የማን ነሽ?» አሉ እትዬ ማላማ።

«የአንድሮኒኮስ» አለች አሬቲ። አባቷ ከጎን ባለው ጠረጴዛ ለብቻቸው ወይን ይጠጡ ነበር።

እትዬ ማላማ ብርጭቆአቸውን ይዘው ተነሡ። ሽማግሌው ፊት ቆመው፣ ልጅዎን ለልጄ፣ አሉ። መግቢያም አላበጁለት።

ማንም አላኘከም።

ጋሽ አንድሮኒኮስ ወደ ስትራቲስ ዞሩ። ልጃቸው ማንን ስትጠብቅ እንደኖረች ያውቃሉ።

«ስትራቲስ፣ የምትለው አለ?»

አሬቲ ትሪውን እንደያዘች አየችው።

አለኝ ቢል እህቱ በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት ጊዜ ተጣለች ማለት ነው፤ አንዴ ሊያዩዋት በመጡ ሰዎች፣ አንዴ በወንድሟ።

«ተናገር» አለችው ካሊሮይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔን ተወኝ። ተናገር አንተ ልጅ።»

«የምለው የለኝም» አለ ስትራቲስ።

አሬቲ ትሪውን አስቀመጠች።

«እንግዲያው ወይን ይቀዳ» አሉ አባቷ።

የቤቱ ጌታ ነውና ስትራቲስ ሊቀዳ ተነሣ። አሬቲ ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ወሰደችበት።

«ተቀመጥ» አለችው። «መቀመጥ ታውቅበታለህ።»

የአሬቲና የፕሮድሮሞስ ሠርግ ከወይራ ለቀማ በፊት ተደረገ። ለካሊሮይ ሌላ ጠያቂ አልመጣም፤ ስትራቲስም ሌላ ሴት አልፈለገም። ወንድምና እህት ከዛፉ ሥር ለሰው ምሳ ሲያቀርቡ ፀጉራቸው ሸበተ።

አንድ ቀን ካሊሮይ ጠረጴዛ እየወለወለች፣

«ያን ዕለት የምለው የለኝም ያልከው ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው።

«አዎ።»

«እኔ አልለመንኩህም» አለች፤ ጨርቁን ጨምቃ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።